የድሮው ቤታችን የውሃ መዝጊያ

ውድ ልጄ ካሊና፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደኅና ነን፤ ከተማችንን ሩሴን ግን ብርዱ ገና አልለቀቃትም።

እሑድ ምሳ ላይ የማእድ ቤቱ ቧንቧ ፈነዳ። አባትሽ መዶሻ ይዞ መታጠቢያ ቤት ገባና የግድግዳውን ሴራሚክ መስበር ጀመረ። ትዝ ይልሻል፣ በድሮው ቤታችን ግድግዳው እንዲያምርለት ብሎ የውሃውን መዝጊያ በሴራሚክ ሸፍኖት ነበር። የዚህኛው ቤት መዝጊያ ግን ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ነው፤ የገጠመውም እሱ ራሱ ነው።

"ሜቶዲ፣ እዚያ የለም!" አልኩት።

"ዝም በይ አንቺ ሴትዮ! የገዛ ቤቴን ልታሳዪኝ ነው?"

ከታችኛው ፎቅ ጎረቤታችን ፔንካ ጮኸች፤ "ጋሼ ሜቶዲ፣ ጣሪያዬ ዘነበ እኮ! ዓሣ ላርባ እንዴ?"

እኔው ተንበርክኬ ዘጋሁት። ውሃው ቆሟል ስለው መዶሻውን አስቀመጠ፤ ስብርባሪውን አየት አደረገና፣ "ይህን ሁሉ ማን ሰበረው?" አለኝ።

ለፔንካ ድካም ነው አልኳት። ድካም ሰውን እንዲህ ያደርጋል፤ አያደርግም?

ሥራሽን አትፍቺ። ግን ለፋሲካ ከመጣሽ፣ ቀደም ብለሽ ነይ።

እመቤቴ በያለሽበት ትጠብቅሽ። አባትሽም ሰላም ብሎሻል፤ ስምሽን ከነገርኩት በኋላ።

እናትሽ ዝድራቭካ