በአንድ ጊዜ ስለተቀዳው የሳምንት «አለሁ»

ለተከበሩ የአገር አቀፍ ሥርጭት ዳይሬክተር

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ እጅዎ ሲገባ በሙሉ ጤንነት ላይ እንደሚገኙ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ጤንነትዎንም የምጠይቀው ዛሬን በዛሬ ነው እንጂ አስቀድሜ አስቀርጼ አይደለም።

ወደ ጉዳዬ ሳልገባ ስለ እኔ የሚወራውን አንድ ወሬ ላርም። የድምፅ ባለሙያዎን በከዘራ መታችው መባሌን ሰምቻለሁ። የመታሁት ጠረጴዛውን ነው። ባለሙያው ከጠረጴዛው ሥር የገባው በገዛ ፈቃዱ ነው።

ለማያውቁን አንባብያን ያህል፣ እኔ ጡረታ የወጣሁ መምህርት ነኝ። ከአናጢው ቤት ጀርባ ባለችው፣ ግድግዳዋ በእንቁላል ካርቶን በተለበጠችው የሰፈራችን ሬዲዮ ክፍል ተቀምጬ በየጠዋቱ ብቻቸውን የሚኖሩ ጎረቤቶቻችንን ስም እጠራለሁ። የተጠራው ደውሎ «አለሁ» ይላል። ካላለ በቅርብ ያለ ሰው ሄዶ በሩን ያንኳኳል። ፕሮግራሙ ይኸው ነው፤ ሌላ ጥበብ የለውም። እርስዎ ግን ጥበብ አይተውበት ለአገር ሁሉ እንዲዳረስ ስለወሰኑ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ዝምታው። የተጠራ ሰው ሳይመልስ ሲቀር ዝም ብዬ እጠብቃለሁ፤ ጎረቤት ሥራውን አስቀምጦ የሚነሣው በዚያ ዝምታ ውስጥ ነው። ባለሙያዎችዎ አድማጭ እንዳይሰለች ብለው ሙዚቃ ሞሉበት። ሙዚቃው ደስ ይላል። እኔ ራሴ ሰምቼው፣ የጠራሁት ሰው እንዳልመለሰ ረስቼ ነበር።

ሁለተኛ፣ ስለ ቀረጻው። አረጋውያኑን በሚኒባስ አስመጥታችሁ ለሳምንቱ የሚበቃ «አለሁ» በአንድ ጊዜ አስባላችኋቸው። ከድምፅዋ ጉልበት የተነሣ «ጡሩምባ» የምንላትን ጎረቤቴን ባለሙያዎ «እማማ፣ የማክሰኞውን ትንሽ ፈካ ያድርጉልን» ቢላት፣ «ማክሰኞ እንዴት እንደምነቃ በምን አውቄ ልጄ?» አለችው። ሁሉም ሳቀ። ሳቁም ተቀድቷል። ለእኔ የተነገረኝ ቅጂው ለአገር አቀፉ ብቻ እንደሆነና የጠዋቱ ጥሪያችን እንደማይነካ ነበር፤ ስለ ማረጋገጫዎ አመሰግናለሁ።

ሦስተኛ፣ ስለ ልብስ ሰፊው። አዲስ መሣሪያ ስለሚተከል ለጥቂት ቀናት ጥሪ እንደማይኖር ተነግሮኝ ቤቴ ተቀመጥኩ። ሬዲዮው ዝም ሲል ሰዎቻችን በየበሩ እየዞሩ እንዲጠያየቁ የቆየ ስምምነታችን ነው። እናንተ ግን ዝም እንዳይል አሰባችሁና ለማንም ሳትነግሩ ቅጂውን ለቀቃችሁት። በዚያው ጠዋት ብቻውን የሚኖረው ልብስ ሰፊያችን ማድ ቤቱ ውስጥ ወድቆ የዳሌ አጥንቱ ተሰበረ። ሬዲዮው መደርደሪያው ላይ ይናገር ነበር። በቅጂው ላይ እኔ ስሙን ጠራሁ፤ እሱም እንደ ልማዱ «አለሁ፤ ለወዲያኛው ዓለም ልብስ ገና ልኬን አልሰጠሁም» ብሎ መለሰ። ከፊት ለፊቱ ያለችው ዳቦ ጋጋሪ ሰምታ፣ ስቃ፣ ወደ ምድጃዋ ተመለሰች። ያገኘው በማግሥቱ ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ደንበኛ ነው።

ሆስፒታል ሄጄ ለምን እንዳልጮኸ ስጠይቀው እንዲህ አለኝ፦ «እትዬ፣ ልጮህ አፌን ስከፍት እዚያ ሬዲዮ ላይ ደህና ነኝ እላለሁ። ከዚያ ወዲያ ማን ያምነኛል?»

ሐኪሙ ዳግም ይራመዳል ለማለት አልደፈረም። የፕሮግራሙ ስም የታተመበት፣ ከቢሮዎ የተላከለት ኩባያ ደርሶታል። በጀርባው ስለተኛ ውኃ የምናጠጣው በማንኪያ ነው፤ ኩባያው ግን እጅግ ያምራል።

አሁን ደግሞ ከመጪው ሰኞ ጀምሮ የጠዋቱ ጥሪ ለዘለቄታው በቅጂው እንደሚተካ አስታውቀውናል። የምለምንዎ ይህን እንዲተዉልን ብቻ ነው። ለአገር የሚተርፍ ነገር ካሻዎ ድምፃችንን ሳይሆን አሠራራችንን ያሰራጩ፤ በየሰፈሩ አንድ ጠሪ፣ አንድ ስልክ፣ ተነሥቶ የሚሄድ አንድ ጎረቤት ይኑር። የልብስ ሰፊያችን ቀልድ ሌላ ከተማ ወድቃ ላለች ሴት በሯን አያንኳኳላትም።

ለሚኒባሱ፣ ለሙዚቃውና ለኩባያው ከልብ እያመሰገንኩ፣ በታላቅ አክብሮት እሰናበታለሁ፤

ሲጠሯት ራሷ የምትመልሰው ስም ጠሪ፣ ጡረተኛዋ መምህርት

ድኅረ ጽሑፍ፦ እርስዎም ብቻዎን እንደሚኖሩ ሾፌርዎ ስላጫወተን ስምዎን ከጥሪው ውስጥ አስገብቻለሁ። ክፍሉ ቢቆለፍብኝም ነገ ጠዋት ጥሪውን በቤቴ ስልክ እጀምራለሁ። መጀመሪያ ለጡሩምባ እደውላለሁ። ቀጥዬ ስልክ ያላነሡትን ከዳቦ ጋጋሪዋ ጋር ተከፋፍለን በራቸውን እናንኳኳለን። ከዚያ ለእርስዎ እደውላለሁ፤ ጸሐፊዎ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ካለችኝ ግን እንዳልመለሱ ቆጥሬ እመጣለሁ፣ በሩ እስኪከፈት ድረስም አንኳኳለሁ።