የአባታችን ስም በቃለ ጉባኤው

ለውድ ወንድሜ ለሮስኮ፣

እንደምን ከርመሃል? የአላስካ ብርድ እንዴት ይዞሃል? ወገብህስ ተሻለው ወይስ አሁንም በትራስ ተደግፈህ ነው የምትቀመጠው? የባለቤትህ የዶሪን ስኳር ወረደላት? እኔ ጉልበቴ ከማስቸገሩ በቀር በሕይወት አለሁ። ድካሙ ግን በርትቶብኛል፤ ቢተኙለት የሚለቅ ዓይነት አይደለም።

የቤተ ክርስቲያናችን መቶኛ ዓመት ደረሰና ታሪኳን የመጻፉን ሸክም እኔ ላይ ጣሉት። አርባ ዓመት ጸሐፊ ስለሆንኩ ሌላ ሰው አልታያቸውም። ምድር ቤት ተቀምጬ የሻገተ መዝገብ ሳገላብጥ ወራት አለፉ። ሴት ዲያቆናት የሾምንበትን ዓመት፣ ዌንዴልንና ወንድ ወዳጁን በማጋባታችን የአብያተ ክርስቲያናቱ ማኅበር ከአባልነት የሰረዘንን ቀን፣ ሁሉንም ጻፍኩ። በየውሳኔው ሰው እየተቀየመን ሄዶ፣ ከአራት መቶ ምእመናን ሠላሳ አራት ቀርተናል። የስንብት ደብዳቤያቸውን የተቀበልኩት እኔ ነኝና፣ ስጽፈው ሁሉም እንደገና የተሰናበቱኝ ያህል ነበር።

ቀጥሎ ያለውን በስልክ ልነግርህ አልደፈርኩም። በ1964 እማማ ኦዴሳ ሁለት ሴት ልጆቻቸውን ይዘው የመጡበትን እሑድ ታስታውሳለህ? ዘጠኝ ዓመትህ ነበር። ዲያቆናቱ በር ላይ ቆመው፣ "የጥቁሮች ቤተ ክርስቲያን ከሐዲዱ ማዶ ነው" ብለው መለሷቸው። በሳምንቱ ጉባኤው በሩ ለነጮች ብቻ እንዲሆን ወሰነ። ቃለ ጉባኤውን አገኘሁት፤ ያን ሐሳብ ያቀረበው አባታችን ነው።

እኔና አንተ የምናውቀው አባባ፣ ከአራት ዓመት በኋላ በሩ ይከፈት ብሎ እጁን ያወጣው፣ በዚያም የገዛ ወንድሞቹ ያኮረፉት ሰው ነው።

ለሽማግሌው ዲያቆን ለክሊፍተን ባሳየው፣ "አንቺ ልጅ፣ ከሞተ ሰው ምን ትፈልጊያለሽ? 'አንድ አባል' ብለሽ እለፊው" አለኝ። እውነቱን ልንገርህ፣ ደክሞኝ ስለነበር እንዳለኝ ጻፍኩት። ሦስት ቀን ግን ያንኑ መስመር እየደጋገምኩ አነበብኩት። በአራተኛው እማማ ኦዴሳ ቤት ሄድኩ። በሩ ከተከፈተ ወዲህ ከፊት ወንበር ታጥተው አያውቁም፤ አሁን ሰማንያ ስምንት ዓመታቸው ነው።

ሳነብላቸው ባቄላ ይፈለፍሉ ነበር፤ እጃቸው አልቆመም። "ይሄን ዛሬ ነው የሰማሽው? እኔማ በማግስቱ ሰምቻለሁ። ከእናንተ ሰዎች በአንዱ ቤት ሠራተኛ የነበረችው እህቴ ሳህን ስታጥብ ሲያወሩ ሰምታ ነገረችኝ" አሉኝ።

ታዲያ ከአባባ ጋር እንዴት አብረው አመለኩ ብላቸው፣ "በ1971 ቤቴ መጣ። ባርኔጣውን አውልቆ ደጃፌ ላይ ቆመ። በስንት መከራ 'እኔ ነበርኩ' አለኝ። 'አውቃለሁ፤ ሂድና ጉባኤው ፊት ተናገረው' አልኩት። እሺ ብሎኝ ሄደ። አሥራ አምስት ዓመት ጠበቅኩት፣ ሳይናገር ሞተ። ክፉ ሰው አልነበረም፣ ፈሪ ነበር" አሉኝ። ከዚያ ቀና ብለው፣ "አንቺም ፈርተሽ ነው የመጣሽው?" አሉኝ።

ባለፈው እሑድ ጉባኤው ፊት ቆሜ ከነስሙ አነበብኩት፤ "አባቴ" ብዬ። ክሊፍተን ተነስቶ ወጣ። ስድሳ ዓመት አብሮን የኖረ ሰው ነው፤ ይመለስ አይመለስ አላውቅም። እኔም ማንበቡን አቁሜ የወጣበትን በር አየሁ። እማማ ኦዴሳ ሊያቅፉኝ አልተነሱም። ከተቀመጡበት ሆነው፣ "በይ ቀጥዪ እንጂ፣ ገና 1964 ላይ ነን" አሉኝ። ቀጠልኩ።

ትቆጣኝ ይሆናል። ብትቆጣም ተቆጥተህ ጻፍልኝ፤ ዝም ብቻ አትበለኝ።

ዶሪንን ጉንጯን ሳምልኝ። ግራንት አዲሱ ሥራ እንዲቀናው እየጸለይኩ ነው በለው። ለትንሿ ለማቢስ የላከችልኝ ሥዕል ማቀዝቀዣው ላይ ተለጥፏል በላት። አማትህንም በጆሯቸው ጠጋ ብለህ፣ ጮክ አድርገህ፣ ሰላም ብላዎታለች በልልኝ።

የምትወድህ እህትህ ኔልዳ

ሃርሎ ስፕሪንግስ፣ ሰሜን ካሮላይና
ጥቅምት 14 ቀን 2013 እ.ኤ.አ.