አላርፍም፣ እታለም

ውድ እታለም፣

ይህን እያነበብሽ ከሆነ ጫማውን አንስተሽ አራግፈሻል ማለት ነው። ድሮም ሳታራግፊ አትጫሚም። ልጆች ሳለን አንድ ጠዋት ከጫማሽ ውስጥ እንሽላሊት ዘላ ከወጣች ወዲህ፣ አዲስ ጫማ እንኳ ከካርቶኑ ሲወጣ ገልብጠሽ መሬት ላይ ሳትደበድቢ እግርሽን አታስገቢም። ለዚህ ነው ደብዳቤውን ግራው ውስጥ የወሸቅኩት። ስደውል አታነሺም። ደጅሽ ብመጣም «ተኝታለች በሏት» ትያለሽ። ባልሽን እንዳትቆጪው፤ ጫማውን ከበሩ ሥር አስቀምጥልኝ ስለው አስቀመጠ እንጂ ሌላ ያደረገው ነገር የለም። ውሸቴን ነው፣ ሌላም አድርጓል። እሱን በኋላ እነግርሻለሁ።

አስቀድሜ ልንገርሽ፣ ይቅርታ ልጠይቅሽ አይደለም የጻፍኩት። እህትማማች ሲኳረፍ ቀድማ የምታጎነብሰው ታናሽ ናት፣ ይህንንስ አላጣሁትም። ዕድሜዬን ሙሉ ሳጎነብስልሽ ኖሬያለሁ፣ ወገቤ ይመስክር። ዛሬ ግን ካጎነበስኩ የጫማዬን ክር ለማሰር ብቻ ነው።

ያን ቀን ቤትሽ የሆነውን አንቺም አልረሳሽውም። ልጅሽ የተመረቀች ዕለት ነው፤ ሳሎኑ በዘመድ ጢም ብሏል። ሰሐን ይዤ ሳልፍ ከሶፋው ላይ ሆነሽ ጠራሽኝ።

«አንቺ፣ የምሰማው እውነት ነው? ቱታ ለብሰሽ በአደባባይ ትሮጫለሽ አሉ!»

«አብዛኛውን እንኳ እርምጃ ነው» አልኩሽ። «አልፎ አልፎ ነው የምሮጠው።»

«ማን አባሮሽ?»

ሰዉ ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። አክስታችን እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። እኔም ብሆን ሳቄ መጥቶ ነበር፤ ጥሩ ቀልድ ነው፣ አልክድሽም። አንቺ ግን በዚያ አላበቃሽም። ያንን የእማዬን ድምፅ አውጥተሽ፣ «እረፊ እንግዲህ! የልጆች እናት ነሽ፤ ሰው ምን ይላል?» አልሽኝ።

«አላርፍም» አልኩሽ።

እንዲህ ብዬሽ አላውቅማ! አንቺ ተነስተሽ ወደ ጓዳ ገባሽ፤ እኔ ሰሐኑን አስቀምጬ፣ ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ድምፅሽን አልሰማሁም። እንግዲህ አሁን ማንም ሳይስቅብኝ፣ ማን እንዳባረረኝ ልንገርሽ።

የምሠራበትን ታውቂዋለሽ። የስፌት ክፍላችን አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍቱ ከሞተ ቆይቷል፣ ቀባሪ አጥቶ ነው እዚያ የቆመው። ባለቤቴ ሹፌር ነው፣ ከመንገድ የሚመለሰው ሲቀናው ነው። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ልጆቹን አብልቼ፣ አልብሼ፣ የጠፋች አንድ ካልሲ ፍለጋ አልጋ ሥር ገብቼ፣ ትምህርት ቤት አድርሼ፣ እየተጣደፍኩ መጥቼ ደረጃውን እጀምራለሁ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ልቤ በአፌ ልትወጣ ትደርሳለች። ሰው እንዳያውቅብኝ ግድግዳውን ተደግፌ ስልክ ያነሳሁ መስዬ እቆማለሁ። «እሺ፣ እሺ፣ ይሁን» እያልኩ ከሌለ ሰው ጋር ስንት ወሬ አውርቻለሁ መሰለሽ!

አንድ ቀን ታዲያ እዚያው መዞሪያው ላይ ወንበር ተቀምጦ አገኘሁ። የሕንጻው ጥበቃ፣ ያ ሽበታሙ ሰውዬ፣ ከታች ቀና ብሎ «ለአንቺ ነው እናቴ፣ አረፍ እያልሽ ውጪ» አለኝ። አባቴ የሚሆን ሰው ነው «እናቴ» ያለኝ። ከልቡ ነው፣ ደግ ሰው ነው። እኔ ግን ወንበሩን ሳየው የእማዬ ወንበር መሰለኝ፤ ያ መስኮቱ ሥር የነበረው። አልተቀመጥኩም። እያለከለክሁ አራተኛ ፎቅ ደረስኩ፤ ክሩን መርፌው ዓይን ውስጥ ለማስገባት እንኳ ትንፋሼ እስኪመለስ ጠበቅኩ። ያባረረኝ ያ ወንበር ነው።

መጀመሪያ እንደ ሰው ልሁን ብዬ ጂም ገባሁ። ኮቹ አንገቱና ጭንቅላቱ እኩል የሆነ ጎረምሳ ነው። ገና ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ «ቁጭ ብድግ!» አለኝ።

«ምን አጠፋሁ?» አልኩት። አፌን አመለጠኝ።

አትሳቂ። ያረፈደ ቁጭ ብድግ፣ የረበሸ ሜዳውን ዙር፤ እኛ ስፖርት የምናውቀው በቅጣት አይደል? እኔም እንደ ቅጣት ሠራሁት። መስተዋቱ ውስጥ ሆዴን እያየሁ፣ ጥርሴን ነክሼ፣ ለበላሁት ሁሉ እየተቀጣሁ። በማግስቱ ደረጃ በጎን ነው የወረድኩት፣ እንደ ሸርጣን። ተመልሼ አልሄድኩም። «አየሽ፣ ይኼ ነገር ለእኛ አልተፈጠረም» ብዬ ለራሴ ነገርኩት፤ በአንቺ ድምፅ ነው ደግሞ የነገርኩት።

ያወጣችኝ ካውያ ናት። አታውቂያትም፤ የሰፋነውን ልብስ የምትተኩስልን ሴትዮ ናት። እናቷ ያወጣችላት ስም ሌላ ነው፣ እኛ ግን ካውያ ነው የምንላት፤ ምላሷ ያገኘውን ሁሉ ያቃጥላላ። አንድ ቀን እግሯን አሳየችኝ፤ አብጦ የካልሲው ላስቲክ ሥጋዋ ውስጥ ገብቷል።

«አንቺን መቀመጥ፣ እኔን መቆም ሊገድለን ነው» አለችኝ። «ምሳ ሰዓት ላይ ከኋላ ያለውን የመኪና ማቆሚያ እንዙረው።»

«ጊዜ የት አለኝ?»

«ለሐሜት ጊዜ አጥተሽ ታውቂያለሽ?»

ምን እላለሁ? ምሳችንን ሳንበላ ወረድን፤ ሥራ አስኪያጁን እያማን ዞርን። ካውያ እዚያው ሕግ አወጣች። ወሬው ሳይቆራረጥ ከፈሰሰ ቀርፈፍ ብለናል፣ እንፍጠን። አንዷ የጀመረችውን መጨረስ ካቃታት በዝቷል፣ እንቀንስ። በአማርኛ ደግሞ ዋናው ነገር የሚመጣው መጨረሻ ላይ አይደል! «ሥራ አስኪያጁ ትናንት ከመጋዘን ኃላፊዋ ጋር በሩን ዘግተው…» ትልና ትንፋሿ ቁርጥ ይላል። ምን አደረጉ? ተሳደቡ? ተሳሳሙ? ግሱ የለም! ቆሜ ውሃ አጠጥቼ ነው ግሱን የምቀበላት። ለካ ቆጠራ ነበር ያደረጉት። እንዲህ እያልን ሳናውቀው ዙሩ በዛ። እግሬን የምረሳበት ጊዜ መጣ። ጠዋት ስነሳ ደግሞ «ዛሬ ማንን እናማ?» እያልኩ ነው የምነሳው። አንቺንም አምተንሻል፤ ክፉ አላወራንብሽም፣ ካውያ ግን በደንብ ታውቅሻለች።

አንድ ቀን የካውያ ልጅ አሞት ቀረች። ብቻዬን ወረድኩ። የማማው ሰው የለም፣ ልመለስ ስል ካፊያ ጀመረ። መጠለያ አገኝ ብዬ ማቆሚያው ጥግ ወዳለው የቆርቆሮ ጣራ ሮጥኩ። ጣራው ጋ ስደርስ ግን ማቆም አልፈለግኩም። አለፍኩት። ዝናቡ ፊቴን እየመታኝ፣ ጫማዬ ኩሬውን እየረገጠ፣ ቱታዬ ጉልበቴ ላይ እየተጣበቀ ማቆሚያውን ዞርኩት። ደረቴ ይቃጠላል፣ ግን ደስ ይላል! ብቻዬን ስስቅ ራሴን ሰማሁት። በመስኮት የሚያዩኝ የስፌት ልጆች «ለየላት» አሉ። ይለይልኝ! ሰው ሳይልከኝ፣ ሳይጠራኝ፣ ሳልቀጣ፣ ለራሴ ብዬ የሠራሁት ነገር መጨረሻ መቼ እንደነበር አላስታውስም።

«ታዲያ ቀጠንሽ ወይ?» ትይኛለሽ። አልቀጠንኩም። ቀሚሴ ያው ነው፣ ዳሌዬም ከነሙሉ ክብሩ አለ። ደረጃውን ግን ሳልቆም ነው የምወጣው። ከሌለ ሰው ጋር ስልክ ማውራት ትቻለሁ። ጥበቃው ወንበሩን ወደ ታች መልሶ ራሱ ተቀምጦበታል፤ ሳልፍ «በርቺ እናቴ» ይለኛል።

ያን ዝናብ ቀን አንቺ ትዝ አልሽኝ። እንዴት ትሮጪ ነበር! ከጓዳ ስኳር ሰርቀን ስንያዝ የእማዬ ነጠላ ጫማ አንድም ቀን አግኝቶሽ አያውቅም፤ ሁልጊዜ የሚያርፈው እኔ ላይ ነበር። የሰፈሩን ወንዶች ሁሉ ቀድመሽ አጥሩን ትነኪና ወገብሽን ይዘሽ ትስቂያለሽ። ከዚያ ጡትሽ ማጎጥጎጥ ሲጀምር አክስታችን አጥሩ ሥር ቆማ ጠበቀችሽ። «እረፊ! ከእንግዲህ ትልቅ ሰው ነሽ» አለችሽ። አረፍሽ። ትንሽ ብሆንም አይቻለሁ፤ ከዚያ ቀን ወዲያ ስትሮጪ አላየሁሽም። እሷው ናት በምረቃው ቀን እንባዋ እስኪወርድ የሳቀችብኝ።

ይህን ቃል ጠላሁት፣ እታለም። ሲቆጡን እረፊ። ሲያዝኑልን እረፊ። እማዬንም በፍቅር ነው እረፊ ያልናት። መጀመሪያ ፎቁን ተወች፤ አልጋዋን ሳሎን አወረድንላት። ቀጥሎ ግቢውን ተወች። ከዚያ መስኮቱ ሥር ወንበር አስተካከልንላት፣ ትራስ በትራስ አደረግናት፣ ውሃ እንኳ ተነስታ እንዳትቀዳ ተሻማንላት። ዘመዱ ሁሉ «ልጅ ማለት እንዲህ ነው!» ብሎ መረቀን። አንድ ከሰዓት በኋላ እዚያው ወንበር ላይ አረፈች። ቃሉ ያው ነው። ሰው እየገባ «አረፈች፣ ተገላገለች» ሲል፣ አንቺ ጓዳ ገብተሽ ፊትሽን በመጋረጃው ሸፍነሽ «ገና ነበረች» ስትይ ሰምቼሻለሁ። ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

ባልሽ ሌላ ያደረገው ነገር ይሄ ነው፤ ባለፈው ሳምንት ሥራ ቦታ ደወለልኝ።

«እህትሽ ፎቅ መውጣት ትታለች» አለኝ። «ሐኪሙ ልብሽ እየደከመ ነው፣ በእግርሽ ተንቀሳቀሺ አላት። እሷ ግን የጉልበት ነገር ነው ትላለች። አልጋዬን ሳሎን አውርድልኝ አለችኝ።»

«አወረድክላት?»

«ምን ላድርግ? እረፍት ያስፈልጋታል ብዬ…»

ግሱን እንኳ አልጨረሰውም። የስፌት መኪናዬን አጠፋሁት። ክፍሉ ሁሉ ዞሮ አየኝ፤ እያለቀስኩ ነበር። ከሐዘን እንዳይመስልሽ፣ ተናድጄ ነው! በአልጋው ተናደድኩ፣ በሳሎኑ ተናደድኩ፣ በአክስታችን ተናደድኩ። አንዴ ያየሁትን ነገር ዝም ብዬ ሁለተኛ አላይም። እማዬን ሰጥቻለሁ። አንቺን አልሰጥም። ብታኮርፊም፣ «ደፈረችኝ» ብለሽ ለዘመድ ብትናገሪም፣ አልሰጥም።

ጫማው አዲስ አይደለም፤ ተረከዙን አይተሽዋል። የመኪና ማቆሚያውን የዞርኩበት ነው፤ ለእኔ ሌላ ገዝቻለሁ። ልጅ ሳለሁ የማደርገው ሁሉ የአንቺ ውራጅ ነበር፤ ጫፉ ላይ ጨርቅ ወትፈሽ፣ ክሩን ራስሽ አስረሽ ትልኪኝ ነበር። አሁን እግራችን እኩል ነው። በተራሽ የእኔን ውራጅ አድርጊ። አጥቤዋለሁ፣ እንሽላሊትም የለውም።

ቅዳሜ ጠዋት እመጣለሁ። «ተኝታለች በሏት» ብትይ መስኮቱን አንኳኳለሁ፤ አልጋሽ የት እንዳለ አውቃለሁ። ሩጪ አልልሽም። መጀመሪያ እስከ ውጭው በር፣ ሲቀናን ደግሞ እስከ መንገዱ ጥግ። ቅጣት አይደለም፤ ምንም አላጠፋሽም። አክስታችንን እናማታለን፣ እሷ ብቻዋን ለስንት ወር መንገድ ትበቃናለች። ግሱ ላይ ትንፋሽሽ ካጠረ ቆሜ እጠብቅሻለሁ። ከፈለግሽ ተቆጪኝ፣ ስደቢኝ፣ ጎረቤቱም ይስማ፤ ብቻ እየተራመድሽ ስደቢኝ።

በሩን ስትከፍቺ መጀመሪያ የምትይኝን ቃል አውቀዋለሁ። በይኝ፤ መልሴን ታውቂዋለሽ። አንቺንም አላሳርፍሽም። ገና ነሽ።

አላርፍ ያለችው እህትሽ