ከአራተኛ ፎቅ እስከ ፏፏቴው

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

አርባ ዓመት ጫማ ለሰፋ ሰው ጫማ ገዝቶ የሚመጣ ልጅ አንድ ነገር ደብቋል። ይማም ዛሬ ከሥራ ሲመለስ ብቅ ብሎ ካርቶን አስቀመጠልኝ። የተራራ ጫማ ነው፤ ሶሉ እንደ ትራክተር ጎማ ጥርስ አለው። ስፌቱን ፈለግኩት፣ የለም። ሁሉም በማስቲሽ የተለጠፈ ነው።

እሑድ መናገሻ ሱባ ጫካ ልንሄድ ነው አለኝ። ፏፏቴ አለ፣ በእግር የሚወጣ መንገድ አለ፣ ጉሬዛ አለ። ልጄ ሃምሳ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ዳቦ ለመግዛት መኪና የሚያስነሳ ሰው ነው። «ጉሬዛው ማንን ነው ማየት የፈለገው፣ አንተን ወይስ እኔን?» አልኩት። ሳቀ። ሳቁ ግን አጠረብኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ረመዳን ጀሪካን ይዤ ደረጃ ላይ ከተንሸራተትኩ ወዲህ ይማምና ሚስቱ ፋጡማ «ጀሞ እኛ ቤት ይግቡ» ይሉኛል። ምድር ላይ ክፍል አዘጋጅተዋል፣ መጋረጃው ሳይቀር ተሰቅሏል። እኔ ያለሁት ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት የለም። ከጌጃ ሰፈር ተነሥተን ስንመጣ ይህን መስኮት የመረጠችው ሟች ባለቤቴ ናት። ከሰፈራችን የተረፈውን ቆርቆሮ ታይበት ነበር፤ አሁን እኔ አይበታለሁ። ከዚህ አልወጣም።

ብዙ ከተጨቃጨቅን በኋላ ውል ገባን። በመሀል ሳላርፍ ደረጃውን እስከወጣሁ ድረስ ቤቴ ቤቴ ነው። ያረፍኩ ዕለት ጓዜን እጠቀልላለሁ።

እንግዲህ ተራራ ምንድን ነው? መደገፊያ የሌለው ደረጃ ነው። ሊፈትኑኝ ነው።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

አንደኛ ፎቅ በቀለ ዘንድ ወርጄ አማከርኩት። በዕድሜ እኩያዬ ነው፣ በክፋት ይበልጠኛል። «የእኔም ልጆች እንዲህ ነው የጀመራቸው» አለኝ። ፍል ውሃ እንውሰድህ ብለው ወስደውት ሲመለስ አልጋው ሴት ልጁ ቤት ተዘርግቶ አገኘው። ሦስት ወር ተጣልቶ ነው የተመለሰው። «አንተ ሞኝ፣ ያለ ምክንያት ሽማግሌ ጫካ የሚወስድ ማን አለ?» አለኝ።

ቤት ገብቼ የሚያጠራጥሩኝን ጻፍኩ።

ጫማው።

የልጅ ልጄ ሐያት ትናንት ሦስት ጊዜ ደወለች። ዩኒቨርሲቲ የገባች ልጅ ናት፣ ለወትሮው በሳምንት አንዴ ካስታወሰችኝ ትልቅ ነገር ነው። ሦስቱንም ጊዜ «አባባ፣ ሲደክምዎት ይናገሩ፣ እንዳያፍሩ» አለችኝ።

ፋጡማ ደግሞ ስልኩን ተቀብላ ቀስ ብዬ እንደምራመድ አረጋገጠች። «ቀስ ነው የሚሉት አይደል?» እንዴት ያለ ጥያቄ ነው!

ይማም ትናንት የራሱን ጫማ ማሰሪያ ከላይ ሁለት ቀዳዳ ሳያስገባ አላልቶ ነበር ያሰረው። ይህ ከምን እንደሚገባ አላውቅም። ወፍሮ ይሆናል። ለብቻው ጻፍኩት።

ከሰዓት በኋላ ልምምድ። አራቱን ፎቅ ሁለት ጊዜ ወጣሁ። በሁለተኛው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ጎንበስ ብዬ ጫማዬን አሰርኩ። ጫማ ማሰር ማረፍ አይደለም። ማሰሪያ የሌለው ነጠላ ጫማ ማድረጌን ያየ የለም።

ዓርብ፣ ጥቅምት 14

ከጁምዓ በኋላ ታክሲ ትቼ ከተክለ ሃይማኖት ሰፈር በእግሬ መጣሁ። ደህና ነኝ። ግራ ጉልበቴ ትንሽ ያጉረመርማል፣ እሱ ድሮም አጉረምራሚ ነው።

አዲሱን ጫማ ወስፌ አውጥቼ ዙሪያውን ሰፋሁት። በማስቲሽ አምኖ ተራራ አይወጣም። እየሰፋሁ ሐያት መጣች። የሚሄደው ቤተሰቡ ብቻ ነው ወይስ ያ ጓደኛዬ የምትዪውም አለበት ብዬ ነካካኋት። «ይሂዱ እንግዲህ አባባ!» ብላ ጆሮዋ ቀላ። ሳቋ ሳያልቅ ጠየቅኳት፤ እሑድ ማን ነው የሚፈተነው?

ግድግዳውን አየች። ግድግዳዬ ላይ የሚታይ ነገር የለም።

«ማንም አይፈተንም። የእርስዎ ሥራ ከፊት መሄድ ብቻ ነው። ሽማግሌ ቀድሞ ማን ይሄዳል?»

እውነቷን ነው፣ በእኛ ዘንድ ከሽማግሌ ፊት አይቀደምም። ሁሉም በእሱ እርምጃ ነው የሚሄደው። ገባኝ። ከፊት አድርገው ከኋላ ሆነው እግሬን ሊቆጥሩ ነው። ይቁጠሩ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

ቀለል ያለ ምግብ በላሁ። የያዝኩት፦ ቴምር፣ ውሃ፣ መስገጃ፣ የባለቤቴ ጃንጥላ። በዚህ ወር ዝናብ የለም ትለኛለች ፋጡማ፣ አውቃታለሁ። ምርኩዝ ብይዝ ግን ይጻፍብኛል። ጃንጥላ የያዘ ሰው ምርኩዝ ያዘ አይባልም።

በቀለ ከታች ሆኖ «አልጋህን አስሬ ላውርድልህ?» ብሎ ጮኸብኝ። ውሃ ደፋሁበት። ትንሽ ነው የነካው።

እሑድ፣ ጥቅምት 16

ዛሬውኑ ልጻፈው።

ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ተነሣን። አራት ነን፤ ይማም፣ ፋጡማ፣ ሐያትና እኔ። ጫካው በር ላይ መኪናውን አቆምን። ውስጡ ሲገባ ብርድ አለ። ጥዱ ከታች እስከ ላይ ተነሥቶ ሰማዩን ዘግቶታል፤ ዝግባው ላይ እንደ እኔ ያለ ሽበታም ጺም ተንጠልጥሏል። መሬቱ ለስላሳ ነው፣ ጫማ አያሰማም። ይህ ለእኔ መጥፎ ነው። ከኋላዬ የሚመጣውን በኮቴው መለየት የለመድኩ ሰው ነኝ።

ከፊት አደረጉኝ፤ ሄድኩ። የተሰረቀ ዕቃ እንደያዘ ሰው ሄድኩ። አባባ ቀስ ይበሉ ይሉኛል፣ እኔ እጨምራለሁ። ፋጡማ አንድ ጊዜ እንረፍ አለች። ማረፍ የፈለገ ይረፍ፣ ስሙም ይመዝገብ አልኳት። ጉሬዛዎች ከላይ ሆነው ነጭ ጭራቸውን አወዛወዙልኝ፣ ቀና ብዬ አላየኋቸውም። ይማምን አንድም ቃል ሲናገር አልሰማሁትም። አኩርፏል ብዬ ደስ አለኝ። አላህ ይቅር ይበለኝ።

የውሃው ድምፅ መጣ። አንድ መታጠፊያ ዞርኩና ፏፏቴው ፊት ቆምኩ። የመርካቶ ነጋዴ ነጭ ጣቃ ከላይ ሲለቀው እንደሚወርድ ይወርዳል፣ አያልቅም። አላረፍኩም፣ ጫማዬንም አላሰርኩም። አሸንፌ ልታይ ዞር ብል ማንም የለም።

ጠበቅኩ። አልመጡም።

ወደ ታች ስመለስ ሐያት መታጠፊያው ላይ አገኘችኝ። ለብቻዋ ናት፤ ፊቷ ረጥቧል። አባቷ እንዳይሰማ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነገረችኝ። የይማም ልብ ደክሟል። ሐኪሙ በየቀኑ ቀስ እያልክ ተራመድ፣ ሲደክምህ አረፍ በል ብሎታል። ተራራ ውጣ አላለም፤ ተራራው የራሱ የይማም ሐሳብ ነው፣ ግትርነቱን ከማን እንደወረሰ አልጠይቅም። ያፍራል። ሚስቱና ልጁ ፊት ደከመኝ አይልም፣ እኔ እንዳልሰማ ደግሞ አስምሏቸዋል።

«እርስዎ ከፊት ካሉ ሁላችንም በእርስዎ እርምጃ እንሄዳለን፣ እሱም ሳይጠይቅ ያርፋል ብለን ነው» አለች።

ሥራዬ መዘግየት ነበር። እኔ ሮጥኩ።

ይማም የወደቀ ጥድ ላይ ተቀምጧል። ጫማው ተፈቷል። ቁርጭምጭሚቱ እንደ ቦካ ሊጥ ተነፍቷል። ፋጡማ በባርኔጣዋ ታራግበዋለች። ሲያየኝ ሊነሣ ሞከረ፣ «ማሰሪያዬ ተፈታብኝ አባዬ» አለ። ሐሙስ ለብቻው የጻፍኩት የላላ ማሰሪያ! አርባ ዓመት የሰው እግር ይዤ የልጄን አላነበብኩትም።

አጠገቡ ተቀመጥኩ። ፋጡማ በደንብ እንድትሰማ ድምፄን ከፍ አደረግኩ።

«ጉልበቴ አልቻለም። አንድ ስንዝር አልሄድም። ያረጀ ሰው ይዛችሁ ነው የመጣችሁት።»

ሐያት አየችኝ። ውሉን ታውቃለች። ይማም ቀስ ብሎ ተነፈሰ፣ ትከሻው ወረደ።

«እሺ አባዬ። እርስዎ ካሉ እንረፍ።»

ብዙ አረፍን። ፊቱ ሲመለስ እንውረድ አልኩ፤ ፏፏቴውን ሳላይ አልወርድም ያለው እሱ ነው። ቅርብ ነበር፤ እኔ ግን አራት ጊዜ አስቆምኳቸው። አንዴ ለጉሬዛ፣ አንዴ ለቴምር፣ ሁለቴ ለጉልበቴ። ፏፏቴው ሥር ውዱእ አድርገን ዙሁርን አብረን ሰገድን። ስንመለስ ይማም ጃንጥላውን ይዞልኝ ወረደ፤ እየተመረኮዘው።

መኪና ውስጥ ፋጡማ በለሆሳስ ቅዳሜ ጓዝዎን የሚያመጣ መኪና እንልካለን አለች። እሺ አልኳት።

ሰኞ፣ ጥቅምት 17

አሁን እውነትም ጉልበቴ ታመመ።

ዕቃ መሸከፍ ጀመርኩ። ወስፌ፣ ጉጠት፣ ሰም፣ የባለቤቴ ፎቶ። ሌላው ብዙም የእኔ አይደለም። ቆርቆሮውን ትንሽ ቆሜ አየሁት።

በቀለ እያለከለከ ወጥቶ መጣ። ፈተናውን ወደቅክ ወይ አለኝ። ወደቅኩ አልኩት። ሊያፌዝ አፉን ከፍቶ ተወው። እንዴት እንደወደቅኩ አልነገርኩትም። ከእሱ የደበቅኩት የመጀመሪያው ነገር ነው።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ደረጃው ላይ ኮቴ ሰማሁ። የቀኝ ተረከዙን ከግራው አጠንክሮ የሚረግጥ አንድ ሰው ነው የማውቀው፣ ይማም። በሩ ጋ ሄጄ ቆምኩ።

አንደኛ ፎቅ አለፈ። ሁለተኛ ላይ ቆመ። ቆየ። ሦስተኛ ላይ ደግሞ ቆመ፣ ይኼኛው ረዘመ። እጄ መቀርቀሪያው ላይ ነው። አልከፈትኩም። በሩ ላይ ደርሶም ትንፋሹ እስኪስተካከል ቆመ፤ እኔም ከወዲህ ቆምኩ። ከዚያ አንኳኳ፣ ተኝቼ እንደነበር ሆኜ ከፈትኩ።

ተቀመጠ፤ የተሸከፈውን ዕቃ አየ።

«ቅዳሜ መኪናው ይቅር» አለ።

«ውል ነው። አርፌያለሁ፣ ምስክር አለ።»

መሬት መሬቱን እያየ መለሰልኝ። «እኔ አሁን ሁለቴ አርፌ ነው የወጣሁት። በውሉ ከሆነ ጓዜን የምጠቀልለው እኔ ነኝ።»

ከዚያ ሁሉንም ነገረኝ። ልብ፣ መድኃኒት፣ ሐኪሙ ከወር በኋላ ና ማለቱን። እንደ አዲስ ሰማሁት። ሐያትን አላጋለጥኳትም። እያወራ ጫማውን አወለቅኩለትና ለተነፋ እግር በሚሆን አገባብ ማሰሪያውን እንደገና ሰካሁት፤ ከሕፃንነቱ ወዲህ እግሩን እንዲህ ይዤው አላውቅም። ሐኪሙ ደረጃም በልክ ይቻላል ብሎታል። በየቀኑ ከሥራ ሲወጣ ሊመጣ ነው።

ከሄደ በኋላ ስሰፋ የምቀመጥባትን በርጩማ ይዤ ሦስተኛ ፎቅ መተላለፊያ ላይ አስቀመጥኳት። በቀለ ከታች ቀና ብሎ ለማን ነው አለኝ። ለሽማግሌ ነው አልኩት። ሽማግሌስ ራስህ ነህ አለኝ።

ፎቶውን ከጓዙ አውጥቼ መስኮቱ ጋ መለስኩት። ሌላው እንደተሸከፈ ነው፣ ለአሁኑ።

ነገ በአሥራ አንድ ሰዓት በሩ ጋ እሆናለሁ። ስንት ጊዜ እንደሚያርፍ አልቆጥርም። ዋሸሁ፣ እቆጥራለሁ።