የአያልነህ የነፍስ አባት

ሰኞ

አይከል ደረስኩ። መንገዱ ተዘግቷል ሲሉን ሰንብተው ዛሬ ጠዋት አምቡላንሱ ይለፍ ተባለ፤ ዘልዬ ገባሁ። ዳዊቴን ጭኔ ላይ ዘርግቼ አንድ መስመር አላነበብኩም።

ለወታደሮቹ ቄስ ሆኜ መመላለስ ከጀመርኩ ወዲህ ከጎንደር ሆስፒታል አልፌ አላውቅም ነበር። ከደቡብ የመጡ ካቶሊክ ልጆች አሉ፤ አናዝዛለሁ፣ አቆርባለሁ፣ ለእናቶቻቸው እደውልላቸዋለሁ። እዚህ ካምፑ ትምህርት ቤት ነው። ቁስለኞቹ የተኙት ጥቁር ሰሌዳ ሥር ነው።

ጴጥሮስን አገኘሁት፤ የወላይታ ልጅ፣ እግሩን የተመታ። ተናዘዘ፣ ቆረበ። ከዚያ እጄን ያዘና ወደ ጎኑ አልጋ በአገጩ ጠቆመኝ።

«አባ፣ ያ ሰውዬ ከጫካዎቹ ታጣቂዎች ነው፤ ማርከነው ነው። ቄስ ጥሩልኝ እያለ ይለምናል። የሚሰማው የለም።»

አያልነህ ይባላል። ጎልማሳ ገበሬ ነው። ሆዱን ተመቷል፤ አንድ እጁ ከአልጋው ጋር ታስሯል። ነርሷ ወደ በሩ ወስዳኝ «ብዙ አይቆይም» አለችኝ። መስቀል ላሳልመው ስጠጋ ፊቱን አዞረ።

«አይቀየሙኝ አባ። ካቶሊክ ነዎት አሉኝ። የነፍስ አባቴ ቄስ ምስጋናው ናቸው፤ ከገበያው በታች ነው ቤታቸው።»

ቅር አለኝ። ለሞት የተቃረበ ሰው ሲገፋኝ የመጀመሪያዬ ነው።

ማክሰኞ

የአያልነህን ቄስ ላስገባ ብዬ የካምፑ አዛዥ ሻለቃ ዘንድ ገባሁ። ሲሰማኝ ሳቀ።

«እርስዎ ቄስ አይደሉም እንዴ? ያናዝዙታ!»

«የእርሱ ቄስ አይደለሁም።»

«ምን ልዩነት አለው?»

«ለእርሱ አለው።»

ሳቁ ጠፋ። የሚመጣው ቄስ ያየውን ወጥቶ ቢያወራ ማን ይጠየቃል አለኝ። «እኔ» አልኩ። ክብደቱ የገባኝ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። «እንግዲያው ያምጡት» አለኝ። ጴጥሮስ ግን ስነግረው የራሱ እናት የመጣች ያህል ደስ አለው።

ረቡዕ

ቄስ ምስጋናው በራቸውን ገርበብ አድርገው ከውስጥ አነጋገሩኝ። ሽማግሌ ናቸው፤ ድምፃቸው ይንቀጠቀጣል።

«ምነው አባ! አባቶቻችን በእናንተ ሃይማኖት ሰበብ ተራርደዋል፤ ዛሬ ደግሞ እኔን ወደ ወታደር ሊወስዱ መጡ?»

«ልጅዎ ጠራዎት። እኔስ መልእክተኛ ነኝ።»

«ብገባ ወታደሮቹ ሰላይ ይሉኛል። ብወጣ ጫካዎቹ ከዳተኛ ይሉኛል። የት ልሁን?»

ባለቤታቸው ከኋላቸው መጥተው መስቀላቸውንና ነጠላቸውን አቀበሏቸው። «ያለ ንስሐ ቢሞት ለፈጣሪ ምን ልትል ነው?» አሉ። ቄሱ ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ።

የካምፑ በር ላይ ፈተሹን። ግቢው መሃል ስንደርስ ከማዶው ጋራ ተኩስ ተከፈተ። ከግንቡ ሥር ተደፋን። ቄሱ ጎኔ ሆነው ይጸልያሉ፤ እኔም እጸልያለሁ፤ ሁለታችንም በግእዝ ነው፣ ያንኑ ጸሎት።

ጋብ ሲል ገባን። ጴጥሮስ «እኔን አውጡኝ፣ የሰው ምስጢር መስማት አልፈልግም» አለ። ደግፌ ወደ በረንዳው አወጣሁት። የተመታ እግሩን እየጎተተ አንዴም አላቃሰተም።

ቄሱ ሲወጡ ዓይናቸው ቀልቷል። ወደ በሩ ሸኘኋቸው። ጥበቃው አላሳልፍም አለ። ከተኩሱ በኋላ ማንም እንዳይወጣ ታዟል። ሻለቃውን ለመንኩ፤ «እናጣራለን» ብቻ። እኔ ነኝ ያመጣኋቸው። እኔ!

ሐሙስ

አያልነህ ጠዋት አረፈ። ነርሷ እጁን ፈታችለት።

አምቡላንሱ ቁስለኞችን ወደ ጎንደር ሊያወጣ መጣ። ሻለቃው ይሳፈሩ አለኝ። ያለ ቄሱ አልንቀሳቀስም አልኩት።

«ነገ መንገዱ ላይከፈት ይችላል፤ አውቀው ነው?»

«አውቄ ነው።»

ጴጥሮስ በመስኮት እጁን እያወዛወዘ ሄደ። የቄሱ ባለቤት ከበሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፤ ውሃ ላክሁላቸው፣ አልጠጡም። ቄሱንና እኔን አንድ ክፍል ሰጡን። ስለ ሃይማኖት አልተከራከርንም። ስለ ጉልበት ሕመም አወራን። ሁለታችንንም ያመናል።

ዓርብ

ረፋዱ ላይ ሻለቃው ራሱ መጣ። ቄሱን አያቸውና «አጣርተናል፤ አስከሬኑን ይዘው ይሂዱ። ሰው እንዳይሰበሰብ» አለ።

ጥቂት ሆነን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ወጣን። የአያልነህ ወንድም፣ ጎረቤቶቹ፣ የቄሱ ባለቤት። ደጀ ሰላሙ ጋ ስደርስ ቆምኩ፤ ቦታዬን አውቃለሁ። ሰዉ አንገቴ ላይ ያለውን መስቀል ያያል፣ እርስ በርሱ ይንሾካሾካል። ቄስ ምስጋናው ፍትሐቱን ሊጀምሩ ዞር ሲሉ አዩኝ።

«ምነው ውጭ ቆሙ? ይግቡ እንጂ!»

ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። ከወንድሙ አጠገብ ቆምኩ። ማንም ፈቀቅ አላለም።

ስንመለስ ቄሱ በባለቤታቸው ትከሻ ተደግፈው ተጓዙ። መታጠፊያው ላይ ቆሙ።

«ማዶ ያሉት ጫካዎቹ ካምፕ መግባቴን ሰምተዋል አሉ። ምን እንደሚሉኝ አላውቅም» አሉኝ። ከዚያ ወደ ቤታቸው ቁልቁል አዩ። «ዛሬ ግን ቤቴ አድራለሁ።»