አረንጓዴ አድርገን ባሳየነው ሸንተረር ላይ ስላጣናቸው ባልደረባችን

የደን እርጥበት ክትትል ተቋማችን የሳተላይት ምስል ክፍል ኃላፊ የነበሩት ባልደረባችን፣ በሰሜኑ ሸንተረር በተነሳው የደን ቃጠሎ ሕይወታቸው ማለፉን የምንገልጸው በጥልቅ ሐዘንና በኀፍረት ነው። ትናንት «በድንገተኛ አደጋ» ብለን ያወጣነውን መግለጫ ሽረነዋል። ታላቅ እህታቸው ቢሯችን ድረስ መጥተው፣ «ምኑ ነው ድንገተኛው? ወንድሜ ስንቴ ነግሯችሁ የለ?» ብለውናል። እውነታቸውን ነው።

ባልደረባችን ተቋሙን የተቀላቀሉት በተመረቁ ማግስት ነበር። ዓይን የማያየውን ብርሃን ከሚያነሳ ሳተላይት ተነስቶ ቅጠል የያዘውን ውሃ መገመት ለብዙዎቻችን ተረት ይመስለን በነበረበት ጊዜ፣ ክፍሉን ከምንም ተነስተው አቋቋሙ።

በቀጣዮቹ ዓመታት ምስሉን ከመሬቱ ጋር ማመሳከርን የተቋሙ አሠራር አደረጉ። ከየጫካው ቅጠል ቆርጠው፣ እርጥቡን መዝነው፣ አድርቀው ደግመው ይመዝኑ ነበር። የማድረቂያ ምድጃው ሁልጊዜ በእሳቸው ከረጢቶች ስለሚያዝ «አባ ቅጠል» እንላቸው ነበር፤ እሳቸውም ስቀው ያልፉን ነበር።

ካቻምና፣ ደመና የሸፈነው ቦታ እርጥቡን ደን በአረንጓዴ በሚያሳየው ካርታችን ላይ ነጭ ሆኖ እንዲቀር ጠየቁ። እኛ ግን ክፍተቱን የምንሞላው ቀድሞ በታየው ቀለም ነበር። የሥራ አመራሩ የተቦዳደሰ ካርታ ለእንግዳ ማሳየት አልወደደም። ዘንድሮም ጠየቁ፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አልን።

በዚህ በጋ ሸንተረሩ ለሳምንታት ዝናብ አልባ ደመና ለብሶ ሲደርቅ፣ ካርታችን የክረምቱን አረንጓዴ ማሳየቱን ቀጠለ። የደን ጠባቂዎች እኛን አምነው ወደ ሌላ ጫካ ተዛወሩ። ካርታውን ያላመኑት ባልደረባችን ግን ቅጠል ቆርጠው ሊያረጋግጡ ብቻቸውን ወጡ። እሳቱ ሲነሳ ጭሱን አይቶ የሚጠራቸው ሰው በአካባቢው አልነበረም።

ለባለቤታቸው፣ ለልጆቻቸው፣ ለታላቅ እህታቸውና ለሥራ ባልደረቦቻቸው መጽናናትን እንመኛለን። ይህ ቃል ከእኛ አፍ ሲወጣ እንደሚከብዳቸው እናውቃለን፤ ይቅርታም እንጠይቃለን። አመራሩ ለሚደረገው ማጣራት ያለውን መረጃ ሁሉ ያቀርባል።

ዛሬ ጠዋት ያወጣነው ካርታ እሳቸው እንደጠየቁት ነው። ከደኑ የሚበዛው አልታየንም። ያረፉበት ሸንተረር ዛሬም ደመና ውስጥ ነው፤ ነጭ አድርገን ትተነዋል።