ሜላት የምትሠራው አጎት

ኖቬምበር 3፣ ቅዳሜ ከሰዓት

የልጆቹ ቲያትር ልምምድ አልቆ፣ አዳራሹን ጠርጌ ገባሁ። ወ/ሮ ኢልዘ ዛሬም ልጆቹን ሰብስበው፣ ቤታችሁ ያያችሁትን ሥሩልኝ አሉ። የጀርመኗ አስተማሪያችን ትምህርት እንዲህ ነው፤ ድርሰት የለ፣ ቁጣ የለ፣ አዋቂ አያርምም። ልጄ ሜላት ተነሳች። በር ሲንኳኳ ቁም ሳጥን ውስጥ የሚገባ አጎት ሆነች። ትንፋሹን ሲይዝ ሁሉ። ልጆቹ አጨበጨቡ። እኔ መጥረጊያዬን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። ወንድሜ ጌቱ ነዋ! የጥገኝነት ኬዙ ሪጄክት ከተደረገ ወዲህ ጓዳ የደበቅሁት። ደብተሬ፣ ካንቺ በቀር ለማን ተንፍሼ አውቃለሁ?

ኖቬምበር 6፣ ማክሰኞ

ሰፈራችን ኤሌፋንት፣ ለንደን መሃል ሆኖ ጭር ብሏል። ፎቃችን ሊፈርስ ነው፤ ጎረቤት በለቀቀ ቁጥር በሩ በብረት ይታሸጋል። አዳራሹም አብሮ ይፈርሳል። እንዳይፈርስ ብለው ወ/ሮ ኢልዘ ሰፈሩን የሚያስተዳድሩትን የካውንስል ሰዎች ለቲያትሩ ጋብዘዋል። የካውንስል ሰዎችን! እግዚኦ! ሜላትን ተቆጣኋት፤ የቤት ገመና አደባባይ አይወጣም። ወ/ሮ ኢልዘ አትዋሹ ብለውናል አለችኝ። ምላስ!

ኖቬምበር 8፣ ሐሙስ

ወ/ሮ ኢልዘን ለመንኳቸው። ያቺን የቁም ሳጥን ቦታ ከቲያትሩ ያውጡልኝ፣ ልጅ ናት፣ ፈጥራ ነው አልኩ። ዓይን ዓይኔን አዩኝ። ገብቷቸዋል። የልጅነታቸውን አወሩኝ። በርሊን፣ ጦርነት። ከላይ ፎቅ ያሉ ባልና ሚስት ሲወሰዱ፣ ትንሿን ኢልዘን እናቷ አፏን አፍና ይዛታለች። ያ ዝምታ እስከ ዛሬ ያንቃቸዋል። ኋላ አስተማሪ ሆነው፣ ልጅ አላፍንም በማለታቸው ከት/ቤት ተባረሩ፤ እዚህ መጥተው ቲያትር ከፈቱ። አሁንም ልጅቷ ትወስን አሉ። የእሳቸው ዝምታ ሰው አስወስዶ ይሆናል፤ የእኛ ግን ሰው ያኖራል። ማን ያስረዳቸው? እወዳቸዋለሁ፤ ዛሬ ግን አንገታቸውን ባንቅ ደስ ይለኝ ነበር።

ኖቬምበር 9፣ ዓርብ

ቆረጥኩ። ቲያትሩ ነገ ነው፤ ሜላት አትሄድም፤ ታማለች እላለሁ። ስነግራት አላለቀሰችም። ከዚያ ወዲህ ግን ቃል አልወጣትም። ብዪ ስላት ራሷን ትነቀንቃለች። ፖስተኛው ሲያንኳኳ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ጌቱ ጓዳ ሆኖ ሁሉን ይሰማል።

ኖቬምበር 10፣ ቅዳሜ ጠዋት

ጓዳው ባዶ። አልጋው ተነጥፏል፣ ጃኬቱ የለም። ደወለልኝ። ከከተማው ሰሜን፣ ኤድመንተን ነኝ ይላል፤ ማን ጋ እንደሆነ አይናገርም። ልጅቷን አትከልክያት፣ የተደበቅሁት እኔ፣ እሷ ምን በደለች አለ። ስልኩ ተዘጋ። መልሼ ደወልኩ፤ አያነሳም። ወንድሜን!

ሜላት ጫማዋን አድርጋ በሩ ጋ ቆማለች። ጋሼ ጌቱ መጥቶ ያየኛል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አዎ አልኳት።

ልወስዳት ነው። ካውንስሎቹም ይዩ፤ ጓዳችን ባዶ ነው።